ስም በፊርማ ይዛወራል፣ ጥንካሬስ?

ቢኤምኤክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። የሞተር ክሮስ ውድድር ያማራቸው፣ ሞተር ግን ያልነበራቸው ልጆች በተራ ብስክሌት አቧራ ላይ መዝለል ጀመሩ። ብስክሌቱ አልቻላቸውም። እነ ሞንጉስና ሬድላይን ስም ያተረፉት ዝላይ የሚችል ጎማና ፎርክ በመሥራት ነው።

ያኔ መግዛት ያልቻሉት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ገንዘብም አላቸው። አምራቾች ይህን አውቀው የድሮውን ሞዴል በድሮው ቀለምና ተለጣፊ መልሰው ያወጣሉ። ነገር ግን ስም ይሸጣል፣ ይለወጣል። ታዋቂው ሽዊን በ1992 ከስሮ ስሙ ወደ ሌላ እጅ ገብቷል።

እውነት ለመናገር፣ አሮጌ ሁሉ ጥሩ አይደለም። በ1980ዎቹም በአንድ ስም ጠንካራው ክሮሞሊም ርካሹ ብረትም ይሸጥ ነበር። የአርባ ዓመት ፍሬም በአዲስ ቀለም ስር ስንጥቅ ሊደብቅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከክሮሞሊ የተሠራ አዲስ ቅጂ ደግሞ ከጥንቱ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ገዢ ከተለጣፊው በፊት ፍሬሙም ፎርኩም ከምን ብረት እንደተሠሩ ይጠይቅ። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ቀለሙ ይበቃል። ልጅ የሚዘልበት ከሆነ ግን፣ መሬት ሲያርፍ የሚሸከመው ብየዳው እንጂ ትዝታው አይደለም።