የቄጠማ ዘመዶች በእንግሊዝ ተራራ ላይ

ቤታችሁ ውስጥ «ቄጠማ ሣር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም «ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» ይላችኋል። የዕጽዋት አጥኚዎች ግን በዚህ አይስማሙም። ቄጠማ የራሱ ቤተሰብ አለው፤ በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የጎጃም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫም እንደዚሁ። እኛ እንግሊዝ አገር ያለነው ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ከሱቅ የገዛነውን ፕላስቲክ ሣር እናነጥፋለን። የቄጠማ ዘመዶች ከማንችስተር በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ ላይ ተራራውን ሞልተውት ሳለ ማለት ነው።

ቦታው ፒክ ዲስትሪክት ይባላል። በ1951 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ፣ የብሪታኒያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከማንችስተርም ሆነ ከሼፊልድ ባቡር ተሳፍራችሁ ኢዴል በምትባል ትንሽ መንደር ትወርዳላችሁ። ከመንደሯ በላይ የተዘረጋው ጠፍጣፋ ተራራ ኪንደር ስካውት ነው፤ ከፍታው 636 ሜትር። ከፍታ ለለመደ ለኛ ሰው ቁጥሩ ያስቃል። አዲስ አበባ እኮ ሦስት እጥፍ ከፍ ትላለች! ይሁን እንጂ ነፋሱና ጭጋጉ አያስቅም፤ በሰኔም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከባቡር ጣቢያው ሳትርቁ ጀምሩ። ከመንገዱ ዳር አንዱን አገዳ ሳትነቅሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አሽከርክሩት። ክብ ሆኖ፣ ባዶ ሆኖ፣ በየመሃሉ እንደ ሸንበቆ አንጓ ካለው ሣር ነው። ክብና ለስላሳ ሆኖ አንጓ ከሌለው፣ ውስጡም ነጭ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ከሞላው የሌላ ቤተሰብ ነው፤ ድሮ የዚህ አገር ድሆች ያንን ነጭ ነገር እያወጡ ስብ ነክረው እንደ ሻማ ያበሩት ነበር። አገዳው በጣታችሁ መሃል አልሽከረከር ብሎ ሦስት ጠርዝ ከቆረቆራችሁ ግን የቄጠማ ዘመድ አገኛችሁ። ቅጠሎቹንም ከላይ ወደ ታች እዩ፤ የሣር ቅጠል በሁለት ረድፍ ግራና ቀኝ ሲወጣ የቄጠማ ወገን በሦስት ረድፍ ይወጣል። ከዘመዶቹ ውስጥ አገዳቸው ክብ የሚሆንባቸው አሉ፤ ስለዚህ ጣት ብቻውን አይበቃም፣ ዓይንም ይጨመር።

አሁን ወደ ላይ። ከኢዴል የሚወጣው መንገድ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ትንንሽ ልጆችን ያደክማል። መኪና ያላችሁ ማንችስተርንና ሼፊልድን በሚያገናኘው ኤ57 መንገድ እስከ ስኔክ ፓስ አናት ብትሄዱ ይሻላል። እዚያ ፔናይን ዌይ የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ አስፋልቱን ያቋርጣል፤ በረግረጉ ላይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለታል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ ከሄዳችሁ በሁለቱም በኩል በረዶ የጣለ ይመስላችኋል። የጥጥ ሣር ነው። ስሙ ሣር ይባል እንጂ እርሱም የቄጠማ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ቦታ በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ እነሱን መለየት የአምስት ዓመት ልጅም ይችላል። አንዱ በአንድ አገዳ ላይ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የጥጥ ዘለላ አንጠልጥሎ አንገቱን ይደፋል። ይህ ተራው የጥጥ ሣር ነው። ቅጠሉ እንደ ቦይ የታጠፈ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ በመከር ደግሞ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ሌላው በአንድ አገዳ አንድ የጥጥ ራስ ብቻ ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንግሊዞች በጥንቸል ጅራት ይመስሉታል። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ነው። አገዳው ላይ ደግሞ አንድ የተነፋ ቅጠል እንደ እጅጌ ተጠቅልሎበታል። እንደ ጉብታም ችፍግ ብሎ ይበቅላል። ከሁለቱ ቀድሞ የሚያብበውም እሱ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ጥቁር ራሱ ቢጫ ብናኝ ነስንሶ ይታያል። አበባው ግን ዓይን አይስብም። ሰው ሁሉ ለፎቶ የሚሮጥለት ነጩ ነገር ከአበባው በኋላ የሚመጣ የፍሬው ጸጉር ነው፤ ነፋስ ዘሩን ይዞ እንዲሄድ።

ይህን መለየት ለእውቀት ብቻ አይደለም። ያ ብዙ ራስ ያለው ተራው የጥጥ ሣር ውሃ ውስጥ መቆም ይወዳል፤ ከመሬት በታች በሚሄድ ሥሩ ኩሬ ላይ ተዘርግቶ ላዩን ሜዳ ያስመስለዋል። ልጅ «ጥጥ!» ብሎ ከድንጋዩ ዘሎ ወደዚያ ከሮጠ እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገባል። የጥንቸል ጅራቱ ጉብታ ከዚያ ይሻላል፣ በጉብታዎቹ መሃል ያለው ግን ያው ማጥ ነው። ስለዚህ ነጩ በብዛት ባለበት እግር ከድንጋዩ አይውረድ። ይህንን ከመኪና ሳትወርዱ ንገሯቸው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚሰማ ልጅ የለም።

ባለፈው ሰኔ አብረውን የሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃገረድ ሳሉ ጥጥ ፈትለው ነጠላ ያሠሩ ናቸው። ነፋስ የጣለውን አንድ ራስ ከመንገዱ አንስተው በጣታቸው መሃል ዘረጋጉትና አከረሩት፣ ከዚያ በጣጠሱት። «ይሄ እንዝርት አይይዘውም፤ ይሰበራል» አሉ። ልጄ ስልኳን አውጥታ ስታጣራ ትክክል ሆነው አገኘቻቸው፤ ጸጉሩ ድርቅ ያለና ተሰባሪ ስለሆነ ክር አይወጣውም፤ በዚህ አገር ድሮ ትራስ ይሞሉበትና የሻማ ክር ይሠሩበት ነበር እንጂ። ከዚያ በኋላ ልጄ ስልኩን ከትታ እሳቸውን ትጠይቅ ጀመር። እንዝርት ምን እንደሆነ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

የዚህ ተራራ ታሪክም ከእውነተኛው ጥጥ ጋር የተጠላለፈ ነው። ማንችስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። የጭስ ማውጫዎቿ ጭስ በነፋስ ወደዚህ እየመጣ እንደ አሲድ ዘነበ፤ ስፋግነም የሚባለውንና እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዘውን ለስላሳ ዕጽ ገደለው። ሰደድ እሳትና የበግ መንጋ ሲጨመርበት ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ራቁቱን ቀረ። ፒት የሚሉት ይህ አፈር በሺህ ዓመታት ያልበሰበሱ ዕጽዋት ተጠራቅመው የሠሩት ነው፤ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። አብዛኛውም የጥጥ ሣር ቅሪት ነው። እናም ከ2003 ጀምሮ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች የጎርፍ ቦዮችን እየገደቡ፣ የጥጥ ሣርና የስፋግነም ችግኝ እየተከሉ ነው፤ ሥሩ አፈሩን አስሮ ይይዛልና። የምትረግጡት ጠፍጣፋ ድንጋይስ? ብዙው ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የመጣ ነው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው።

ተራራው ለሁሉም ክፍት የሆነውም በዋዛ አይደለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 (እ.ኤ.አ.) ብዙ መቶ ወጣት ሠራተኞች ለባለጸጎች የወፍ አደን ተከልሎ ወደነበረው ኪንደር ስካውት ሰብረው ወጡ። አምስቱ እስራት ተፈረደባቸው። መሪያቸው ቤኒ ሮትማን ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ናቸው። «እዚያ የኛ ሰው አይሄድም» ለሚል ጎረምሳ ልጃችሁ ይህን ብትነግሩት አይከፋም።

ከጥጡ ወደ ሌሎቹ ዘመዶች ስትሻገሩ ሥራው ይከብዳል። ኬሬክስ የሚባለው ወገን ብቻውን ወደ 2,000 ዝርያ አለው፤ ባለሙያዎችም አጉሊ መነጽር ይዘው ይከራከሩበታል። ሦስት ብታውቁ ይበቃል። እርጥብ ቦታ ላይ ዛላው ጥቁርና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ካያችሁ ጥቁሩ ኬሬክስ ነው። ፍሬዎቹ እንደ ትንንሽ ኮከብ በየአቅጣጫው ሾለው ከወጡ ኮከቡ ነው። ሦስተኛውን ለማየት ካስልተን ወዳለው የኖራ ድንጋይ ውረዱ፤ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ስትገለብጡት ከሥሩ ሰማያዊ ግራጫ ነው። የኬሬክስ ሁሉ ምልክት ፍሬው በትንሽ ከረጢት መታሸጉ ነው። ወንዱ ዛላ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ ሴቶቹ ከታች ይሆናሉ፤ ኮከቡ ላይ ግን ይህን አትፈልጉ፣ በአንዱ ዛላ ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ነው ያሉት።

«ታዲያ ትንሽ ለቡናችን ብንይዝስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። በዚህ አገር ሕግ ከመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ውጪ ማንኛውንም የዱር ዕጽ ከነሥሩ መንቀል ክልክል ነው፤ እዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ሰው አንድ በአንድ የተከለው ነው። ከሰልና ጀበናም ይቅር። በ2018 ክረምት በሳድልወርዝ የተነሳውን ቃጠሎ ለማጥፋት ወታደር ተጠርቷል፤ ፒት ከሥሩ ከተያያዘ ለቀናት ይጨሳል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ፤ ፈንዲሻውንም አትርሱ።

ልጆች ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፤ የአገዳውን ቅርጽ፣ ስንት ራስ እንዳለው፣ ደረቅ ወይስ ውሃ ላይ እንደቆመ ይጻፉ፣ ይሳሉም። በመስከረም ብትመለሱ ጥጡ ሄዷል፣ ቅጠሉ ግን ቀልቶ ታገኙታላችሁ። በጥር ደግሞ ዕድለኛ ከሆናችሁ ነጭ የለበሰ የተራራ ጥንቸል ይሻገራችኋል። ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን እግርና ብብት መዥገር እንዳለ እዩ፤ ጫማው ደግሞ በር ላይ ይቅር፣ ያ ጥቁር አፈር ከምንጣፍ አይለቅም።