«መንገድ ላይ ነው» የተባለው አምቡላንስ

ወረታ፣ ታኅሣሥ

ከባሕር ዳር የሚመጣው አስፋልት ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። መገንጠያው ላይ ለቆመ ሰው ሆስፒታል ሩቅ አይመስልም። ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳርም ከ60 ብዙ አይርቅም። በዙሪያው ለሚኖረው የፎገራ ሰው ግን ርቀት የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወርደው ፊትዎን ወደ ጣና ሲያዞሩ ነው።

አሁን የሩዝ አጨዳው እያለቀ ነው። በታጨደው ማሳ ላይ፣ በቀረው እርጥበት፣ ጓያው አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል። ወፍጮ ቤቶቹ ደጅ የሩዝ ገለባ ተከምሯል። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በደርግ ጊዜ ሩዝ እዚህ የተሞከረውም መሬቱ ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ጤፉ ላይ ሩዝ ተቀላቅሎ የተጋገረውን እንጀራ በየቤቱ በልቻለሁ። ይኸው ውሃ ግን ነሐሴ ላይ መንደሮቹን ከአስፋልቱ ይቆርጣቸዋል። ያን ጊዜ ታማሚ የሚወጣው በታንኳ ወይም በቃሬዛ ነው።

የመጣሁበት ቤት ከአስፋልቱ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። የሰዎቹንም፣ የቀበሌውንም፣ አምቡላንሱን የሚያሰማራውን ተቋምም ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና አልተጣራም።

ካቻምና ነሐሴ የዚህ ቤት እመቤት ቤቷ ወለደች። ሕፃኑ በሰላም መጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ባልየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደወለ። «አስፋልቱ ላይ አድርሷትና ጠብቁ፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው» አሉት። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ አሰረ፤ ጭናቸው ድረስ ውሃ ውስጥ እየገቡ አደረሷት። መኪና አልነበረም። በደወለ ቁጥር መልሱ «እየመጣ ነው» ሆነ። ሊነጋጋ ሲል አንድ የጭነት አይሱዙ አቁሞ ጫናቸው፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች።

ባልየው ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ኖኪያ አወጣ። ያን ሌሊት የደወለበት ስልክ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ የሚይዘው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጥሪዎች ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ጥሪ ገብቶ እነዚያን እንዳይገፋቸው አጥፍቶ አስቀመጠው፤ ለራሱ ሌላ ገዛ። አብርቶ አሳየኝ። 3፡14፣ 3፡52፣ 4፡40፣ 6፡05፣ 8፡21። ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር ነው። ካሳየኝ በኋላ ወዲያው አጠፋው፤ ባትሪውን እንኳ ይሰስታል።

«ይስሙኝማ» አለኝ። «አይመጣም ቢሉኝ ኖሮ ሰዓት እላፊው ሳይገባ የወንድሜን ባጃጅ አስመጣ ነበር። መጣ መጣ እያሉ አስቀሩኝ።»

ከሰማሁት ሁሉ ይህ ከበደኝ። ስለ እናቶች ሞት የሚጽፉ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ፦ ለመሄድ በመወሰን፣ በመጓዝና ሆስፒታል ደርሶ ሕክምና በማግኘት። ይህ ቤተሰብ ለመወሰን አልዘገየም፤ ውሃውንም በእግሩ ተሻግሯል። የዘገየው «እየመጣ ነው» በሚል ቃል ታስሮ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በአገራችን ከእናቶች ገዳዮች ግንባር ቀደሙም እሱ ነው።

ለአምቡላንስ ሾፌሮችም መናገር ያለብኝ አለ። በአማራ ክልል ውጊያ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በሌሊት መኪና ማውጣት ነፍስን ማስያዝ ነው። ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም ወገል ጤና ላይ፣ ደላንታ ሆስፒታል ውስጥ፣ ምልክቱ በግልጽ የሚታይ አምቡላንስ በድሮን ተመቶ አራት ሰዎች መሞታቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። መኪኖቹን ፌዴራል መንግሥት ገዝቶ ለየወረዳው ቢሰጥም፣ ናፍጣውና ጥገናው የወረዳው ዕዳ ነው፤ ወረዳ ደግሞ ብር ያጥረዋል። ስለዚህ ያን ሌሊት አለመውጣቱ ይቅር የሚባል ሊሆን ይችላል። እየመጣ ነው ማለቱ ግን ይቅር አይባልም።

ባልየው አቤቱታውን ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ አስጽፎ ለተቋሙ አስገባ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ያገኘው መልስ «በዚያ ሌሊት የተመዘገበ ጥሪ የለም» የሚል ነው፤ ያውም በቃል። ወደ ሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሂድ ያሉትም ነበሩ። ኮሚቴው የሚያየው ግን የሐኪምን፣ የነርስን፣ የአዋላጅን ጥፋት ነው፤ ስልክ ያነሳው ሰውና ሾፌሩ የጤና ባለሙያ ካልሆኑ ከሥልጣኑ ውጭ ናቸው።

ካሳ ለማግኘት የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ለሟቿ ልጅ የመተዳደሪያ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የሕሊና ጉዳት ካሳን ግን ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ ዛሬም ያው ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ጣሪያ ነው፣ አሳፋሪም ነው፤ ሊሻሻል ይገባል።

የሟች እናት ሕፃኑን አቅፈው ይሰሙን ነበር። ስለ ብሩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ብሩን ምን አደርገዋለሁ? መጥተው ‹እኛ ነን ያስቀረናት› ይበሉኝ። እሱ ይበቃኛል።»

ይህን የሚያስገኝ መንገድ ቀላል አይደለም፣ ግን አለ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ በነጻ ይቀበላል። እንደ ፍርድ ቤት ካሳ አይፈርድም፤ መዝገብ መመርመርና ተቋሙን መልስ መጠየቅ ግን ሥራው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የጥሪውን ዝርዝር ቴሌ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤት ማዘዝ ይችላል፤ ያኔ «ጥሪ የለም» የሚለው መልስ ይፈተናል።

አምቡላንስ ለምታሰማሩ ሁሉ፦ የተደወለበትን፣ መኪናው የወጣበትንና የደረሰበትን ሰዓት በመዝገብ ጻፉ፤ የማይወጣ ከሆነም በመጀመሪያው ጥሪ ንገሩ። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም አምቡላንስ ሲጠሩ ሰዓቱንና ያነሳውን ሰው ስም ይያዙ። አቤቱታ ሲያስገቡ «ገቢ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሳይቀበሉ አይውጡ። ጊዜም አይለፍዎ፦ በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ለዚህ ቤተሰብ ጊዜው የሚያበቃው በመጪው ነሐሴ ነው።