የቺካጎ የእህል ገበያ ቤትና የአባቴ ጤፍ

በልጅነቴ አባቴ ጤፍ ሊሸጡ ወደ ገበያ ሲሄዱ አህያ እየነዳሁ እከተላቸው ነበር። ከነዚያም የገበያ ቀኖች አንዱ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። እናቴ ጤፉን ሦስት ቀን ሙሉ በወንፊት ነፍታ፥ በሰፌድ አንጓልላ፥ አንዲት ጠጠር ሳታስቀር ነበር ያስጫነችን። የእህል ነጋዴው ግን እጁን በጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ አግብቶ ዘገነና ጥቂቱን በምላሱ ቀምሶ፥ «ይህ ሠርገኛ ነው፤ አፈርም አለበት» አለ። አባቴም «ጌታዬ፥ ነጭ ነው፤ ደኅና አድርገው ይመልከቱት» ብለው ቢለምኑት አልሰማቸውም። ቀኑ መሽቶ ነበርና፥ የቤታችንም መንገድ ሩቅ ነበርና፥ በተባለው ዋጋ ሸጡ። ማታ ለእናቴ የነገሯት «ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ» ብለው ብቻ ነው። ስለ አፈሩ የተባለውን እስክትሞት ድረስ አልሰማችም።

ይህን ነገር ያስታወሰኝ እጅግ ሩቅ የሆነ አገር ነው። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደችውን ልጄን ልጠይቅ ቺካጎ ከተማ በደረስሁ ጊዜ፥ ላሳል የተባለውን ጎዳና እንደ መዝጊያ ሆኖ የቆመ አንድ ታላቅ ሕንጻ አሳየችኝ። ቦርድ ኦፍ ትሬድ የሚባለው የእህል መገበያያ ማኅበር ቤት ነው። በ1930 ዓ.ም. ተመረቀ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው)፤ 44 ፎቅ አለው፤ ቁመቱም 184 ሜትር ያህል ነው። በፊቱ ላይ ካለው ታላቅ ሰዓት በግራና በቀኝ አንዱ ስንዴ፥ አንዱ በቆሎ የያዙ ሰዎች ተቀርጸዋል። በጫፉም ላይ ሮማውያን በጥንት ዘመን የእህል አምላክ ብለው ያመልኳት የነበረችው የሴሬስ ሐውልት ከአሉሚኒየም ተሠርታ ቆማለች። ቁመቷ ከ9 ሜትር ይበልጣል፤ ዓይንና አፍንጫ ግን የላትም። ሠሪው ጆን ስቶርስ ፊት ያልቀረጸላት፥ ያን ያህል ከፍ ብሎ በቅርብ የሚያያት ሰው አይኖርም ብሎ ነው ይባላል። ዛሬ በዙሪያው ከርሱ የሚረዝሙ ብዙ ቤቶች ስለ ተሠሩ፥ ጸሐፊዎች ሁሉ በመስኮት ሆነው ፊት አልባነቷን ይመለከታሉ።

ማኅበሩ የተመሠረተው ሕንጻው ከመሠራቱ እጅግ አስቀድሞ በ1848 ዓ.ም. 80 በሚያህሉ ነጋዴዎች ነው። በዚያ ዘመን ባላገሩ ስንዴውን በሠረገላ ጭኖ ከተማ ሲደርስ፥ መከሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ዋጋው ይወድቅ ነበር። እህላቸውን ወደ ሐይቁ ደፍተው የተመለሱም ነበሩ ይባላል። በ1850ዎቹ ዓመታት ማኅበሩ ለስንዴ ደረጃ አወጣ። መርማሪ ያየው እህል ደረጃው ከተጻፈ በኋላ ከሌላው ሰው እህል ጋር በአንድ ጎተራ ይደባለቃል፤ ባለቤቱም የራሱን ጆንያ ሳይሆን ደረሰኝ ይይዛል። በ1865 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ፊት የሚመጣውን እህል በዚህ ወር፥ በዚህ ዋጋ አስረክባለሁ ብሎ ለመዋዋል የተሟላ ደንብ ተደነገገ።

ነገሩ ሁሉ ግን መልካም ብቻ አልነበረም። ጆሴፍ ላይተር የተባለ የባለጸጋ ልጅ በ1897 ዓ.ም. የገበያውን ስንዴ ሁሉ ጠቅልሎ ገዝቶ ዋጋውን በእጁ ሊያደርግ ተነሣ። ሐይቁ በክረምት በረዶ ስለሚሆን አዲስ እህል አይመጣም ብሎ ተማምኖ ነበር። ተቀናቃኙ ፊሊፕ አርመር ግን መርከቦች ልኮ በረዶውን አሰበረና ስንዴውን አስገባ። በማግሥቱ ዓመት ወጣቱ ከሰረ፤ በሚሊዮን የሚቈጠረውን ዕዳ የከፈሉት አባቱ ናቸው። ይህን ለልጄ ስነግራት ሳቀች፤ እኔ ግን የአባትየውን ሌሊት አስቤ አልሳቅሁም።

የማኅበሩ ቤትም ብዙ ተፈራርቆበታል። በ1871 ዓ.ም. ከተማው ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። በ1885 ዓ.ም. የቆመው ቤት ረጅም ግንብ ነበረው፤ ነገር ግን መሬቱ አልቻለውምና ከአሥር ዓመት በኋላ ግንቡ ፈረሰ። የዛሬው ሕንጻ በርሱ ቦታ ነው የተተከለው፤ በተመረቀበትም ዓመት የስንዴ ዋጋ እያሽቈለቈለ፥ ባላገሩ እየተቸገረ ነበር።

ይህ ሥርዓት ወደ አገራችንም ገብቷል። በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ፤ ለመመሥረቱ የደከሙት የኢኮኖሚ ሊቅ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ናቸው። በመጀመሪያ ሻጭና ገዢ በአዳራሽ ተፋጥጠው፥ ዋጋ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ይዛወር ጀመር። በዚያው ዓመት በቺካጎም የወደ ፊት ውል የሚጮኽበት አዳራሽ አብዛኛው ተዘጋ። ቡናችን በደረጃና በአውራጃ እየተደባለቀ ሲሸጥ፥ የውጭ አገር ገዢዎች «የማን ማሳ እንደ ሆነ ሊታወቅ አልቻለም» እያሉ ያማርሩ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለዚህ መንገድ ከፈተ። ቅሬታቸው ይገባኛል። ቢሆንም የነጋዴውን ምላስ ያየ ሰው፥ ስም በደረጃ መተካቱን እንደ ጕዳት ብቻ ሊቈጥረው አይቻለውም።

ከሕንጻው በታች ቆመን ይህን ሁሉ ካወራሁላት በኋላ፥ ልጄ ቀና ብላ ሐውልቷን እያየች፥ «አባባ፥ ታዲያ የአያቴ ጤፍ እዚህ ቢመጣ ኖሮ ስንተኛ ደረጃ ይሰጡት ነበር?» አለችኝ። እኔ የእህል መርማሪ አይደለሁም፤ ነጭ እንደ ነበረ ግን በዓይኔ አይቻለሁ አልኋት።