ቢላዋ የያዘ ሰው



በእኛ መንደር የአረፋ በሬ የሚታረደው ለሰባት ቤት በጋራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሑደይቢያ ዓመት፣ ማለትም በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ግመልም ሆነ ከብት ለሰባት ሰው እንዲታረድ ማድረጋቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ሥጋው በሚዛን ሰባት ቦታ ይመደባል። የአራጁ ክፍያ ከሥጋው ስለማይነሳ ከኪሳችን አዋጥተን እንከፍላለን። ጎድኑ ግን የራሱ ሒሳብ አለው። የበሬ ጎድን በአንድ ወገን 13፣ በሁለቱም ወገን 26 ነው። ለሰባት ቤት ሦስት ሦስት ሲደርስ አምስት ይተርፋል። እነዚያ አምስቱ፣ ሁላችንም ተስማምተን፣ ለሚስኪኖች ይሰጣሉ። የቀረውን ዕጣ ይለየዋል።

አባቴ በወጣትነታቸው ጅዳ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት ሠርተው ነበርና የደረሰንን ሦስት ጎድን እንደ ሌላው ሰው አያስከትፉትም። ከነአጥንቱ፣ እንዳለ፣ በኦቨን ያበስሉት ነበር።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። የበሬ ሥጋ በታረደበት ቀን ይገትራል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ሲያድር ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ በዒዱ ዕለት ጉበቱና ጥብሱ ይበላል፤ ጎድኑ ጨው ታሽቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድርና በሦስተኛው ቀን ይወጣል። አባቴ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል በዘይት ለውሰው ይቀቡታል። አጥንቱን ወደ ታች፣ ጮማውን ወደ ላይ አድርገው ትሪ ላይ ያስቀምጡታል። አጥንቱ ሥጋውን ከትሪው ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው አያርም። መጀመሪያ በ230 ዲግሪ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ሙቀቱን ወደ 160 ዝቅ አድርገው ያቆዩታል። ሦስት ኪሎ የሚሆን ጎድን በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

ከወጣ በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ ማንም አይነካውም። ከዚያ አባቴ «ቢስሚላህ» ብለው ቢላዋውን በአጥንቱና በሥጋው መካከል ያስገባሉ። የአጥንቱን ጉብጠት ተከትለው ወደ ታች ሲስቡት ሦስቱ አጥንት በአንድነት ይለቃል። ሥጋውን ያስተኙና ክሩን አቋርጠው በጣት ውፍረት ይቆርጡታል።

የመጀመሪያው ሳህን የሚሄደው ወደ ውጪ ነበር። ከመሐሉ፣ ከምርጡ ተቆርጦ፣ ባሏ ሞቶባት የቲሞች ወደምታሳድገው ጎረቤታችን ይላካል። ለራሳቸው የሚያስቀሩት አጥንቱን ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ያናድደኝ ስለነበር አንድ ጊዜ፣

«አባባ፣ መልካም መልካሙ ለምን ወደ ውጪ ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ቢላዋ የያዘ ሰው ዳኛ ነው። ዳኛ ደግሞ ለራሱ አይፈርድም» አሉኝ።

በመስከረም 2008 በዋለው አረፋ አባቴ በስትሮክ ምክንያት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቁጭ ብለው ነበር። ቢላዋው ለእኔ ደረሰ። ጓደኞቼን ጠርቼ ስለነበር ቸኮልኩ። ሥጋውን ጊዜው ሳይሞላ አወጣሁት፤ ሳላሳርፍም ቆረጥኩት። ቀይ ውኃ ትሪውን ሞላው። እናቴ «ይሄ ደም ነው! እንዴት ይበላል?» ብላ ደነገጠች። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 145 እርም የተደረገው የሚፈስ ደም መሆኑን፣ በሥጋው ውስጥ የሚቀረው ግን እንደማይከለከል አባቴ አስረድተው አረጋጓት። ሐራም አልነበረም። ነገር ግን የሥጋው ጣዕም ትሪው ላይ ፈሶ ቀርቷል።

ከዚህ የባሰው ጥፋቴ ሌላ ነበር። ምርጥ ምርጡን ለጓደኞቼ ደርድሬ ለጎረቤታችን ቅርፍቱንና አጥንቱን ላክሁ።

አመሻሹ ላይ ትንሿ ልጇ ሳህኑን ይዛ መጣች። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም፤ እናቷ ድፎ ዳቦ ቆርሳበታለች። «እማዬ አላህ ይቀበላችሁ ብላለች» አለችና በልጅ ልቧ እያዘነችልን፣

«ዘንድሮ የደረሳችሁ አጥንት ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ምን ልመልስላት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አባቴ ከተቀመጡበት ሰምተዋል። አልተቆጡም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝና የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነገሩኝ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት በግ ታርዶ ሥጋው ተሰጠ። ምን እንደቀረ ሲጠይቁ ዓኢሻ ከትከሻው በስተቀር ምንም አለመቅረቱን ነገረቻቸው። እርሳቸው ግን ከትከሻው በስተቀር ሁሉም እንደቀረ መለሱላት። ሐዲሱን ቲርሚዚ ዘግበውታል።

«አየህ ልጄ» አሉ አባቴ፣ «እኛ የበላነው አልቋል። የሚቀርልን ለእነሱ የላክነው ነበር። እሱንም አጥንት አደረግኸው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ከሥጋ ቤት ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ፤ መረቀችኝም። የኡድሒያው ሥጋ ግን አልነበረም፤ ያ አልፏል።

በመስከረም 2009 አረፋ አባቴ ኦቨኑ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው አስተማሩኝ። እጄ ወደ ቢላዋው ሲሄድ «ቆይ! ሥጋውም ይረፍ፣ አንተም እረፍ» ይሉኝ ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተክቢራ አልን። ከዚያም ቆረጥኩ፤ በዚህ ጊዜ ትሪው ላይ የፈሰሰው ጥቂት ነበር። የመጀመሪያውን ሳህን በልጅ አልላክሁም፤ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩት። ስመለስ አባቴ አጥንቱን በግራ እጃቸው ይዘው እየጋጡ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አሁን ዳኛ ሆንክ» አሉኝ።

ዛሬ አባቴ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ቢላዋው አሁንም እኛ ቤት አለ። በየዓመቱ ስስለው ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በመጪው አረፋ በየቤታችሁ ቢላዋ የምትይዙ ሁሉ አትቸኩሉ። ሥጋው እስኪያርፍ ጠብቁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ወዴት እንደሚሄድ ግን ቢላዋውን ከማንሳታችሁ በፊት ወስኑ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከእኛም ከእናንተም መልካም ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።