ካይሮ ላይ ዓባይን በክንድ

የሞጣ ልጅ ዓባይን የሚያውቀው ገደል ሥር ሲያጓራ ነው። እዚህ ካይሮ ግን እንደ ተገራ በቅሎ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ያ ቀይ አፈራችንም የለበትም። ይኸው ራሱ ነው ቢሉኝም ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ!

ፈሉካ ተሳፈርን። ፈሉካ ማለት ረጅም ባለሦስት ማዕዘን ሸራ የተወጠረለት፣ ነፋስ የሚነዳው የእንጨት ጀልባ ነው። የጣናን ታንኳ ለለመደ ሰው ስፋቱ ጉድ ነው፤ መሐሉ ላይ ጠረጴዛ ሁሉ አለው። ውሃው ወደ ሰሜን ይወርዳል፣ ነፋሱ ደግሞ ከሰሜን ይመጣል፤ ስለዚህ ሽቅብም ቁልቁልም መሄድ ይቻላል። አዛውንቱ ባለጀልባ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለው ነው። አንጀቴን በሉት። ይህን የሚጠይቀኝ አገሬ ያለው ገበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ታህሪር አደባባይ ያለው ሙዚየም በ1902 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከሌሎቹ ሐውልቶች ይልቅ ያቆመኝ የወንዙን ዓሣ ተሸክመው የቆሙ ሁለት የድንጋይ ሰዎች ናቸው።

ልቤን የወሰደው ግን ሮዳ ደሴት ጫፍ ያለው የዓባይ መለኪያ ነው። በ861 የተሠራ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ነው፤ በደረጃ ትወርዳላችሁ፤ መሐሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ የሚያወሱ የቁርአን ጥቅሶች ተቀርጸዋል። ድሮ ውሃው 16 ክንድ ከደረሰ ዓመቱ ጥጋብ ነበር፣ ግብርም ይጣል ነበር፤ ካልደረሰ ረኃብ ይፈራ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ላይ ያስገመገመው ሰማይ መስከረም ላይ እዚህ በክንድ ይለካ ነበር ማለት ነው! የአስዋን ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ግን መለኪያው ሥራ ፈቷል፤ ጉድጓዱም ደርቋል።

እነርሱ ሥራ የፈታውን መለኪያ እንኳ ጠብቀው ያሳያሉ። እኛስ? ሞጣ አቅራቢያ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ቅስቱ ከተቆረጠ በኋላ የጎጃምና የጎንደር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ነበር ዓባይን የሚሻገረው። አሁን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል፤ እሰየው። የጎተቱትና የተጎተቱት አዛውንቶች ሳያልፉብን ግን ያ ገመድ ከነታሪካቸው ሞጣ ላይ አንድ ክፍል ቤት ይገባዋል።