ልጁን ከኮምፒዩተር ውስጥ ያገኘው አባት

መጨረሻው የታወቀ ታሪክ መነሻውን ማየት ምን ያደርጋል? ትሉ ይሆናል። ጥያቄው አግባብ አለው። «ካፕሪካ» የተባለው ተከታታይ ፊልም እኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ለጀመረው «ባትልስታር ጋላክቲካ» መቅድም ነው። በዋናው ፊልም የሰው ልጅ የሠራቸው ሮቦቶች በፈጣሪዎቻቸው ላይ ተነሥተው 12ቱን የሰው መኖሪያ ዓለማት ድምጥማጣቸውን ያጠፋሉ። «ካፕሪካ» ከዚያ ጥፋት 58 ዓመት ቀደም ብሎ ይጀምራል። እንግዲህ ሁሉም እንደሚያልቁ እያወቃችሁ ነው የምታዩት!

እኔ የመክፈቻውን ክፍል ሰሞኑን አየሁት። በዲቪዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በማግስቱ ዓመት በቴሌቪዥን ቀረበ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ተቋረጠ። የጠፈር መርከብና ተኩስ የሚጠብቅ ሰው ቢሰለቸው አልፈርድበትም። ያለው ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ባርኔጣ የደፉ ወንዶች፣ ለቅሶ… ለነገሩ የወጣቶቹ የምናብ ጭፈራ ቤት ደምና ዝሙቱ በዝቶ ቀርቧል። ከእናት ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚታይ አይደለም፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ዞዪ የ16 ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ለጦር ሠራዊት ሮቦት የሚሠራ ሀብታም፣ እናቷ ሐኪም። ከእናቷ ጋር ተጣልታ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ባቡር ተሳፍራ ትጠፋለች። ልጁ ግን ልብሱ ሥር ፈንጂ ታጥቋል፤ ባቡሩ ውስጥ «እውነተኛው አምላክ አንድ ነው» ብሎ ያፈነዳዋል። የዚያ ዓለም ሰው የሚያመልከው ብዙ አማልክትን ነው። አንድ አምላክ ብለን ላደግን ሰዎች ነገሩ ተገልብጦ ሲመጣ ይቆረቁራል፤ መቆርቆሩን ወድጄዋለሁ።

ወላጆቿ ልጃቸውን የሚያውቋት ከቀበሯት በኋላ ነው። ይቺ ልጅ ለካ ራሷን በኮምፒዩተር ውስጥ ቀድታለች! የሕክምና መዝገቧን፣ የትምህርት ቤት ውጤቷን፣ ፎቶዋን፣ የተላላከችውን መልእክት ሁሉ ሰብስባ የምታስብና የምታለቅስ ሌላ ዞዪ ሠርታለች። አባትየው ዓይን ላይ በሚታሰር መሣሪያ ገብቶ ያገኛታል። ያቅፋታል። እቅፍ እንዳደረጋት ሊቀዳትና ሮቦት ውስጥ ሊከታት ይሞክራል። ሳትፈቅድለት! ወይ የአባት ፍቅር!

በዚያው ባቡር ሚስቱንና ልጁን ያጣ አንድ ጠበቃም አለ። የዞዪ አባት ለእሱም ልጁን ታማራን «ሠርቶ» ያሳየዋል። ልጅቱ አባቷን ስታይ ደስ አላላትም፤ ደነገጠች። ልቤ ሲመታ አይሰማኝም ብላ ትጮኻለች። ጠበቃው ይህ ነውር ነው ብሎ ጥሎ ይወጣል። እኔ ከጠበቃው ጋር ነኝ።

አብራኝ ታይ የነበረች ጓደኛዬ እዚህ ላይ «አቁሚው» አለችኝ። እናቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ስልኳ ላይ «ስትመጪ እንጀራ ይዘሽ ነይ» የሚል ድምፃቸው ቀርቶ እስካሁን አላጠፋችውም። ዛሬ ከሟች መልእክትና ድምፅ ተነሥተው የሚያወራ ፕሮግራም የሚሠሩ ኩባንያዎች እንዳሉ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ፊልሙ ሲሠራ ምናብ የነበረው ነገር ገበያ ወጥቷል ማለት ነው።

«አንቺ ብትሆኚ ታስጠሪያቸው ነበር?» አልኳት።

ዝም አለች። ሻይዋን አማሰለች፣ አማሰለች…

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች በመጨረሻ። «እንዴት ነሽ ልላት። ግን ደኅና ነኝ ብትለኝስ? ከዚያ በኋላ ማን ነው ማሽኑን የሚዘጋው?»

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙን ቀጠልነው። ሮቦቱ ይነሣል፤ ወዲያው ይወድቃል፤ አባትየው ልጁ ዳግመኛ የሞተች መስሎት ያዝናል። በመጨረሻ ያ ግዙፍ ብረት ብቻውን ነቅቶ ለልጅቱ ጓደኛ ስልክ ይደውላል፤ እኔ ዞዪ ነኝ ይላል። ያ ሁሉ ዓለም የሚጠፋበት መዘዝ የሚጀምረው አንዲት ልጅ ጓደኛዋን ስትጣራ ነው።

ቀጣዩን ክፍል ቅዳሜ አየዋለሁ። ጓደኛዬ ትምጣ አትምጣ አልነገረችኝም።