ያልተዘጋው መስመር

ሥዕልን የሚመለከት ሰው በአብዛኛው የሚያየው የተፈጸመውን ሥራ እንጂ ወደ ፍጻሜው ያደረሰውን መንገድ አይደለም። በተለይም ለሕፃናት መጻሕፍት የሚዘጋጅ ሥዕል ታትሞ ከአንባቢው እጅ ሲገባ ቀለሙ ደምቆ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ ስለሚቀርብ፣ ከበስተጀርባው የነበረው ፍቆ መሥራትና መጠራጠር ሁሉ ይሰወራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚሁ ስለ ተሰወረው ክፍል ጥቂት መናገር ነው፤ ይኸውም በእርሳስ ከሚነደፈው የመጀመሪያ መስመር አንሥቶ በኮምፒዩተር እስከሚቀባው የመጨረሻ ቀለም ድረስ ስላለው ሂደት፣ በዚህም ሂደት ውስጥ እኔ ራሴ ስለ ፈጸምሁት ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ጥጥና ስለ ሸማ ለሚተርክ አንድ የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል እንድሠራ ተጠየቅሁ። ከገጾቹ በአንደኛው አንዲት አሮጊት ሲፈትሉ መታየት ነበረባቸው። ለዚህ ገጽ አርአያ እንድትሆነኝ የመረጥኋት እናቴን ነበር። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እርስዋ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል፣ እኔ ከፊት ለፊትዋ ሆኜ ነደፍሁ።

አሠራሬ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጠንከር ባለ እርሳስ፣ ወረቀቱን እምብዛም ሳልጫን፣ የአካሉን ክብደት አሰፍራለሁ፤ ትከሻው ወዴት እንዳዘነበለ፣ ጉልበቱ ምን እንደ ተሸከመ፣ የእንዝርቱ ዘንግ ምን ያህል እንደ ቆመ አመለክታለሁ። በዚህ ደረጃ ላይ ፊትም ጣትም የለም። ቀጥዬ ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ከብዙዎቹ መስመሮች መካከል እውነተኛ የመሰለኝን መርጬ አጠቁረዋለሁ። ላጲስ የማነሣው በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተው መስመር ትክክለኛው የት እንዳለ የሚጠቁመኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ የእናቴ ግራ እጅ ነበር። ቀኝ እጅዋ እንዝርቱን ሲያሾር፣ ግራ እጅዋ አመልማሎውን ከፍ አድርጎ ይዞ በጣቶችዋ መካከል ፈትሉን ይለቅቃል። ጣት ከጥጥ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ መስመሬን አቋርጬ ተውሁት፤ ጥጥ ጠርዝ የለውምና። እጁ በዚያ ክፍተት ይተነፍስ ነበር።

ንድፉ ሲያልቅ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። አንድ የኤ4 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ሲነበብ በወርዱ 2480፣ በቁመቱ 3508 ነጥቦች ይኖሩታል፤ ይህም በጠቅላላው ከ8 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ማለት ነው። በማያ ገጹ ላይ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን የሚመጣ ሲሆን፣ የእያንዳንዱም ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። መሣሪያው ጣትና ጥጥ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው የቁጥሮችን መለያየት ብቻ ነው።

በሥዕል ሶፍትዌሮች ውስጥ የቀለም ባልዲ ምልክት ያለው አንድ መሣሪያ አለ። በተከበበ ስፍራ ላይ ሲጫኑት አካባቢውን በቅጽበት በቀለም ይሞላል፤ የሚቆመውም ከመስመር ጋር ሲጋጭ ነው። መስመሩ ክፍት ከሆነ ግን ቀለሙ ያመልጣል። የእናቴን ጣት ቡናማ ለመቀባት ስሞክር ቀለሙ በዚያች ክፍተት ወጥቶ አመልማሎውን፣ ከአመልማሎውም አልፎ ሰማዩን አጥለቀለቀው።

የቀሩኝ ሥዕሎች ብዙ፣ የቀረኝ ጊዜ ግን አጭር ነበር። ስለዚህ ወደ ወረቀቱ ተመለስሁና ክፍት መስመሮችን ሁሉ በጥቁር ቀለም ዘጋሁ፤ እርሳሱንም በላጲስ ጠርጌ አጠፋሁ። ከዚያ ወዲያ ባልዲው ታዘዘኝ። በሌሎቹም ገጾች ላይ ገና ከመነሻው፣ ባልዲው እንዲመቸው ስል፣ እያንዳንዱን መስመር እየዘጋሁ መንደፍ ጀመርሁ። ሥራው ንጹሕ ነው ተብሎ ተመሰገነ፤ ታተመም።

መጽሐፉን ለእናቴ ወሰድሁላት። ገጹን ለረዥም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይኼ እጅ እኮ ጓንት አጥልቋል፤ ጥጡንም አልያዘውም» አለችኝ። ማንም ያላየውን ጉድለት ዕድሜ ልኳን የፈተለች ሴት አየችው።

ታዲያ የተዘጋ መስመር ሁሉ ሕይወት አልባ ነውን? አይደለም። የብራና መጻሕፍት ሠዓሊዎቻችን አካሉን በጠንካራ ጥቁር መስመር ከብበው ውስጡን በደማቅ ቀለም ሲሞሉት፣ ሥዕሉ ግርማ እንጂ ድርቀት አይታይበትም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የባለቀለም መስተዋት ሥራም ለዚህ ምስክር ነው። በመስተዋት ጥበብ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ተቆርጦ በክፈፍ ይታሰራል፤ በጥንቱ ልማድ ቁራጮቹን የሚያያይዘው ማዕድን እርሳስ ነው። የሚያስረው ብረትና እኔ የምነድፍበት መሣሪያ በቋንቋችን አንድ ስም መጋራታቸው ብዙ ጊዜ ያስገርመኛል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ እነዚያ ሠዓሊያን የቁሳቁሱን ሕግ አስቀድመው ተቀብለው ሥራቸውን በእርሱ ላይ አነጹ። እኔ ግን በሌላ ሕግ የተወለደን ሥዕል፣ ለመሣሪያው ምቾት ስል፣ በኋላ አነቅሁት።

ከዚያ በኋላ መንገዴን ለወጥሁ። ኮምፒዩተር ሥዕልን በንብርብር ለመሥራት ያስችላል። አሁን የእርሳሱን ንድፍ ከላይ አድርጌ የወረቀቱ ነጭ እንዳይታይ፣ ጥቁሩ ብቻ እንዲቀር አደርጋለሁ፤ ከሥሩ ባለው ንብርብር ላይ ደግሞ የቀለሙን ድንበር በኤሌክትሮኒክ ብዕር በገዛ እጄ እከልላለሁ። ጣት ከጥጥ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ቀለሙን በለስላሳ ብሩሽ አሳሳዋለሁ። ባልዲው በደቂቃዎች የሚጨርሰው ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። በመጨረሻም ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት የሙከራ ቅጂ አይቼ አርማለሁ፤ ማያ ገጹ የሚያበራው በብርሃን፣ ወረቀቱ የሚታተመው ግን በአራት ቀለማት በመሆኑ፣ በማያ ገጽ ላይ የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይደበዝዛልና።

መጽሐፉ በድጋሚ ሊታተም ሲታሰብ ያንን እጅ ለማደስ ፈለግሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ንድፍ አልነበረም፤ ሳላስቀር በላጲስ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ወደ እናቴ ሄድሁ። የጣቶችዋ መገጣጠሚያዎች አብጠው እንዝርት ማሾር ካቆመች ከርማ ነበር። ቢሆንም በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ያለ ጥጥና ያለ እንዝርት ሁለት እጆችዋን አንሥታ እንዴት እንደሚያዝ አሳየችኝ። ቶሎ ቶሎ እያሳረፈቻቸው ነደፍሁ። አመልማሎውን ከትዝታዬ ጨመርሁ፤ መስመሩንም አልዘጋሁም።

የኮምፒዩተር ሥዕል ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። ተማሪው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ንድፉን እንዳለ በስካነር አንብቦ ያስቀምጥ፤ ወረቀቱንም አይጣል። መስመሩን ሲዘጋም ማን እንዳዘጋው ጠይቁት፤ ዓይኑ ነው ወይስ ባልዲው?

ሁለተኛው ንድፍ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ላጲስ አልነካውም።